ስለ አንዲት ትንሽ የእንፋሎት ባቡር መኪና

ሰው በእጁ የሠራው ሥራ ሁሉ ሁለት ጠላት አለው፤ አንደኛው እርጅና፥ ሁለተኛው ንቀት ነው። እርጅናን ጥገና ያዘገየዋል፤ ንቀት ግን ገና የሚያገለግለውን ነገር እንደ ሞተ አስቆጥሮ ያስጥለዋል። ይህን ለማስረዳት፥ በብሪታንያ ደሴት በስተ ምዕራብ በሚገኘው በዌልስ አገር እስከ ዛሬ ተጠብቃ የምትኖረውን፥ ዶልጎኽ የተባለችውን ትንሽ የእንፋሎት ባቡር መኪና ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን። ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በዌልስ ተራሮች መካከል ብሪን ኤግልዊስ በሚባል ስፍራ ለቤት ክዳን የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ይወጣ ነበር። ይህንኑ ድንጋይ ታዊን ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ለማውረድ፥ በ1865 በፓርላማ ሕግ ተፈቅዶ የታሊሊን ምድር ባቡር ተቋቋመ። የሐዲዱም ስፋት 68 ሳንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይኸውም በብዙ አገር ከሚታወቀው ከ1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ እኩሌታ አይሞላም። እንዲህ መጥበቡ በተራራ ጥግ በቀላሉ እንዲጠመዘዝና የቁፋሮው ወጪ እንዲያንስ ነው። መስመሩን ያገለግሉ የነበሩት ሁለት መኪናዎች ሲሆኑ፥ ሁለቱም በእንግሊዝ አገር በኋይትሄቨን ከተማ፥ ፍሌቸር ጄኒንግስ በተባለው ፋብሪካ ተሠሩ፤ ታሊሊን የተባለችው በ1864፥ ዶልጎኽም በ1866 ነው።

በዚያው በ1866 የመንግሥት መርማሪ ሻምበል ታይለር መስመሩን ሊመረምሩ መጡ። በድልድዮቹ ሥር በሠረገላውና በግንቡ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ለመንገደኛ የሚያሰጋ ሆኖ ስላገኙት፥ የሠረገላዎቹ በር በአንድ ወገን ለሁልጊዜ እንዲዘጋ ተደረገ። ስለ መኪናዎቹም አንዲቱ ወደ ላይና ወደ ታች፥ ሁለተኛይቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደሚነቃነቁ አስታወቁ፤ ስለዚህም ታሊሊን ሦስተኛ ጥንድ መንኮራኩር ተጨመረላት። መልካም መርማሪ እንዲህ ነው፤ ጉድለቱን ሳይሸፍን ይገልጣል፥ ሥራውም ታርሞ እንዲቀጥል መንገድ ያበጃል።

በ1911 የፓርላማ አባል የነበሩት ሄይድን ጆንስ የድንጋይ ማውጫውንና ምድር ባቡሩን ገዙ። ትርፉ ግን እያነሰ ሄዶ በ1946 መጨረሻ የድንጋይ ማውጫው ተዘጋ። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ባቡሩ እንዳይቆም ቃል ገብተው ስለ ነበረ መንገደኛ ማመላለሱን አልተዉም። ታሊሊን ከ1945 ጀምሮ ከሥራ ስለ ወጣች ሸክሙ ሁሉ በዶልጎኽ ላይ ወደቀ። ከሐዲዱ በታች ያለው እንጨት በስብሶ ሣር በቅሎበት ነበር። በ1948 መንግሥት የአገሩን ምድር ባቡሮች በእጁ ሲያደርግ እንኳ ይህ ትንሽ መስመር በመዝገቡ ሳይገባ ቀረ። ባለቤቱም በ1950 ባረፉ ጊዜ፥ ሐዲዱም መኪናዎቹም ለቍርጥራጭ ብረት ዋጋ የሚሸጡ መሰሉ።

በዚህ ጊዜ ቶም ሮልት የተባሉ ደራሲ በኦክቶበር 11 ቀን 1950 በበርሚንግሃም ከተማ ስብሰባ አደረጉ። የተሰበሰቡትም ማኅበር አቋቁመው፥ በሟቹ ባለቤት ፈቃድ ሥራውን ተረከቡ። በሜይ 14 ቀን 1951 ባቡሩ በማኅበሩ እጅ መሄድ ጀመረ። ከጎረቤት መስመር የተገዙት ሌሎች ሁለት መኪናዎች ገና ስላልተመቹ፥ ያን የመጀመሪያ ዓመት የተሸከመችው 85 ዓመት የሆናት ዶልጎኽ ናት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ያለ ደመወዝ በበጎ ፈቃድ የሚደክሙ ሰዎች ከጥፋት አድነው ያስተዳደሩት የመጀመሪያው የዓለም ምድር ባቡር ይህ ሆነ። ታሊሊን ታድሳ በ1958 ተመለሰች፤ ዶልጎኽም በተራዋ ለረጅም ጊዜ ስትጠገን ቆይታ በ1963 ወደ ሥራዋ ገባች። በ2021 ደግሞ ይህ መስመር ከአካባቢው የድንጋይ ማውጫዎች ጋራ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ።

ምናልባት አንድ ሰው፥ «ክፍሎችዋ እየተለወጡ የኖረች መኪና ያችው የጥንቷ ናት ሊባል ይቻላልን? ከእርስዋ የሚበልጥ ኀይል ያለውስ ሞልቶ የለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ለዚህ መልሱን የቤተ ክህነት ሰዎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። አባቶቻችን ብራናው ሲያረጅ ገልብጠው ጻፉት፤ ቆዳው አዲስ፥ ቀለሙም አዲስ ነው፤ ቃሉ ግን ያው የጥንቱ ነው። መኪናም በየጊዜው ሲታደስ፥ የሚጠበቀው ከብረቱ ይልቅ ብረቱን ያስገኘው ዕውቀት ነው። እሳቱ ውሃውን እንዴት እንደሚያፈላ፥ እንፋሎቱም መንኮራኩሩን እንዴት እንደሚገፋ፥ ወጣቱ በእጁ ዳስሶ የሚማረው ከሚሠራ መኪና ነው።

ይህ ነገር እኛንም ይነካል። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የመጀመሪያው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ጠባብ ሐዲድ ነው፤ ሥራው በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በላዩም በመጀመሪያ የሄዱት የእንፋሎት መኪናዎች ናቸው። በ2016 በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሰፊው ሐዲድ ሲከፈት አገር ተደሰተ፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን አዲሱን መቀበል አሮጌውን ለዝገት መተው ማለት አይደለም።

ስለዚህ ሥልጣን በእጃቸው ያለ ሰዎች ሦስት ነገር ቢያስቡ መልካም ነው። መጀመሪያ፥ ከቀድሞው መስመር የተረፈው መኪናና መሣሪያ ሁሉ ተቈጥሮ በመዝገብ ይግባና ከዝናብና ከፀሐይ በጣሪያ ሥር ይጠበቅ። ሁለተኛ፥ በዚያ ሥራ ያረጁ ሠራተኞች ከነዕውቀታቸው ሳያልፉ የሚያውቁት ተጠይቆ ይጻፍ፤ ብረት ቢጠፋ ሌላ ይቀለጣል፥ የሽማግሌ ዕውቀት ግን ከሞተ በኋላ በገንዘብ አይገዛም። ሦስተኛ፥ ይህን ሥራ በፈቃዳቸው ለመርዳት የሚነሡ ሰዎች ማኅበር እንዲያቆሙ መንገዱ ይከፈትላቸው። የዌልስ ሰዎች ትንሿን መኪና ያዳኑት ብዙ ሀብት ስለ ነበራቸው አይደለም፤ ሳትጠፋ በፊት ስለ ተነሡ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ምክር እኛም ስናውቀው ኖረናል፤ አሁን የቀረው መፈጸሙ ነው።