በመዋጮ ተጀምራ ስለ ዘገየች የሥዕል መጽሐፍ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በየቤታችን የታወቀ ነው። ሠርግ ሲደገስ፥ ሐዘን ሲደርስ፥ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ እያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ እያዋጣ ከባዱን ነገር ማቃለል የአገራችን ሰው የኖረበት ልማድ ነው፤ ዕቁቡና ዕድሩም ከዚሁ ልማድ የተወለዱ ናቸው። በዚህ ዘመን ደግሞ መዋጮው ከድግስና ከቀብር ዐልፎ ወደ መጽሐፍ ሥራ ስለ ገባ፥ በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነገር ከአንባቢዎቻችን ጋር ጥቂት ለመነጋገር ወደድን። ለመጻፍ ያነሣሣንም ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ በየካ በሚገኘው በመንደራችን የሆነ ነገር ነው።

የጎረቤታችን ልጅ የሆነ አንድ ጐልማሳ ሠዓሊ፥ ስለ እንጦጦ ከተማ ታሪክ በሥዕል የሚነገር መጽሐፍ ለማሳተም ዐስቦ፥ በ2014 ዓ.ም. ከሚያውቁት ሰዎች ሁሉ መዋጮ ጠየቀ። ያዋጣው ሰው መጽሐፉ ሲታተም አንድ ቅጂ እንዲቀበል፥ ስሙም በመጨረሻው ገጽ እንዲጻፍለት ቃል ገባ፤ ቀኑንም ቈርጦ «ለ2015 ዓ.ም. ፋሲካ» አለ። እኛም፥ ዕድርተኞቻችንም፥ በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቹም እንደየዐቅማችን አዋጣን። ፋሲካው መጣ፥ መጽሐፉ ግን አልመጣም። ሁለተኛው ፋሲካ ዐለፈ፥ ሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚህ በኋላ በየቡናው ጕምጕምታ ተነሣ። ልጁም ከሾላ ገበያ ሲመለስ በደጃችን ማለፉን ትቶ በላይኛው መንገድ ይዞር ጀመር። እናቱም ከዕድሩ ስብሰባ ቀርተው የማያውቁ ሲሆኑ መምጣት ተዉ። አንድ ቀን ባለቤታችን «ብሩንስ ትተነዋል፤ ልጁ ግን ሰላምታውን ለምን ነሣን?» ብላ በጠየቀችን ጊዜ፥ የጐደለው ነገር ከብሩ የሚበልጥ መሆኑን ተረዳን።

ወደ ልጁ ነገር ከመመለሳችን አስቀድሞ፥ ይህ ዐይነቱ መጽሐፍ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁት ልናስረዳ ይገባናል። ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መንገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሠዓሊዎቻችን የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በአርባ አራት ትንንሽ ሥዕሎች በረድፍ ከፋፍለው፥ ለእያንዳንዱም አጭር ቃል ጽፈው ሲያቀርቡ ኖረዋል። በብራና መጻሕፍትም፥ ይልቁንም በተአምረ ማርያም፥ ጸሐፊው ለሠዓሊው ቦታ ይተውለታል። መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስሙ በጸሎቱ ውስጥ ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜም ራሱ ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ይሣላል። እንግዲህ ያዋጡትን ሰዎች ስም በመጽሐፉ መጨረሻ መጻፍ ሥሩ ከዚህ የራቀ አይደለም።

በዘመናችንም በአቶ ብሥራት ደበበ የተመሠረተው ኤታን ኮሚክስ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የሥዕል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። በሚከተለውም ዓመት በ2019 «ሃዊ» የተባለችውን ለማሳተም ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ ማሰባሰቢያ ተጠቀመ። ኪክስታርተር በ2009 በአሜሪካ የተቋቋመ ሲሆን፥ ሕጉ ሥራ ፈጣሪው የሚያስፈልገውን ገንዘብና የመጨረሻውን ቀን አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ ገንዘቡም ከተባለው መጠን ካልደረሰ ከማንም አንድ ሳንቲም አይወሰድም። ነገር ግን መዋጮ ጠያቂው በስም ከተዘረዘሩ አገሮች በአንዱ የሚኖር እንዲሆን ግድ ስለሚል፥ ኢትዮጵያም ከነዚያ ሳትቈጠር ስለ ቈየች፥ የእኛ ሠዓሊ ገንዘቡን የሰበሰበው በባንክና በቴሌብር፥ በሰው ለሰው እምነት ነበር። የሚቈጣጠረውም ደንብ ከገዛ ቃሉ በቀር አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ወጥተን ወደ ቤቱ ሄድን። ደጁን ከፍቶ ባየን ጊዜ ደንግጦ «ጋሼ፥ ሊወቅሱኝ እንደ መጡ ዐውቃለሁ» አለ። እኛም «ልጄ፥ ወቀሳውስ ይደርሳል፤ አስቀድመህ ሥራህን አሳየን» አልነው። አስገብቶም በጠረጴዛ ላይ የተከመረውን ወረቀት አንድ በአንድ ይገልጥልን ጀመር፤ በዚያን ጊዜ ስለማናውቀው ድካም ስንፈርድ መኖራችንን አየን።

ሥራው እንዲህ ነው። አስቀድሞ ታሪኩ በቃል ብቻ ይጻፋል። ቀጥሎ የእያንዳንዱ ገጽ አከፋፈል በትንሽ ወረቀት ይነደፋል። ከዚያ በእርሳስ ይሣላል፥ እርሳሱም በጥቁር ቀለም ይጸናል፥ ከዚያ ኅብረ ቀለም ይገባበታል፥ በመጨረሻም የተናጋሪዎቹ ቃል በፊደል ይሰፍራል። አንድ ሽማግሌ አንባቢ የአንድ መኰንን አነጋገር ለማዕርጉ የማይገባ መሆኑን ቢያመለክቱትና ቃሉ ቢቃና፥ ዐረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ የቃሉ ክብ ይሰፋል፤ የሰፋውም ክብ የአንዱን ሰው ራስ ስለሚሸፍን ሥዕሉ እንደ ገና ይሠራል። በዚህ ሁሉ አንድ ገጽ አንድ ሳምንት ይፈጃል። መጽሐፉ 120 ገጽ ነው። እንግዲህ አንባቢያችን ይቊጠረው፤ 120 ሳምንት ከሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ልጁ ግን ቃል የገባው ለአንድ ዓመት ነበር። ደግሞም መዋጮውን ሲተምን የማተሚያውን ዋጋ ብቻ ዐስቦ የራሱን እንጀራ ስለ ረሳ፥ ቀን ቀን ተቀጥሮ እየሠራ የሚሥለው በማታ ነው።

ሁለተኛው የመዘግየት ምክንያት ግን የሚያስመሰግነው ነው። የዐፄ ምኒልክን የንግሥ በዓል፥ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የተፈጸመውን፥ በብዙ ገጽ ሥሎ ነበር፤ በስተ ኋላውም ዛሬ በተራራው ላይ እንደምናየው ያለ የባሕር ዛፍ ደን አቆመ። ሥዕሉን ያሳያቸው አንድ አረጋዊ «ልጄ፥ ያን ጊዜ ይህ ዛፍ ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁት። በእርግጥም ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ መጥቶ በዚህ አገር መተከል የጀመረው በ1887 ዓ.ም. ግድም ነው። አስቀድሞ ተራራውን ያለበሰው ጽድና ወይራ ነበር፤ እርሱም ለቤትና ለማገዶ እየተቈረጠ በመመናመኑ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ልጁም ማንም ሳያስገድደው እነዚያን ገጾች ሁሉ ትቶ እንደ ገና ሣላቸው። ስሕተቱን ዐይቶ እንዳላየ ቢያልፍ ኖሮ መጽሐፉ ቶሎ በደረሰን ነበር፤ ልጆቻችን ግን ያልነበረውን ደን እንደ ነበረ አድርገው በተማሩ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ከእጁ ውጭ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በታወጀ ጊዜ፥ አስቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚሆነው ወረቀትና ቀለም ከውጭ የሚመጣ ነውና፥ በ2014 ለሙሉው ኅትመት ይበቃል የተባለው መዋጮ ለግማሹ እንኳ የሚያጠራጥር ሆነ።

ይህን ሁሉ ከሰማን በኋላ «ታዲያ ይህን ለምን አልነገርከንም?» አልነው። እርሱም አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፥ ሲያልቅ ይዤ እመጣለሁ እያልሁ ነው። ባዶ እጄን መጥቼ ምን እላለሁ? አንድ ወር ዝም ካልሁ በኋላ ሁለተኛውን መናገር ከፊተኛው ይልቅ ከበደኝ» ብሎ መለሰልን። እውነትም ይህ የብዙ ሰው ጠባይ ነው። እኛ በፍርድ ቤት በጽሕፈት ሥራ የምንውል ሰዎች ስለ መዘግየት የምናውቀው አንድ ነገር አለ። ዳኛው ነገሩን ለሌላ ቀን ሲያስተላልፍ ምክንያቱ በመዝገብ ይጻፋል፥ አዲሱም ቀን ለባለጉዳዩ ይነገረዋል። ባለጉዳዩ ቢያዝንም ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱ ሳይነገረው፥ ቀን ሳይቈረጥለት በደጅ የሚቀመጠው ግን ነገሩ የጠፋበት ይመስለዋልና ዳኛውን ማማት ይጀምራል። የልጁ ጥፋት ቀጠሮ ማብዛቱ ሳይሆን ቀጠሮውን ሳይናገር መቅረቱ ነበር።

በዚህ ነገር የተፈተነ እርሱ የመጀመሪያው አይደለም። የእንግሊዙ ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን የሼክስፒርን ቴአትሮች አርሞ ለማሳተም በ1756 ከብዙ ሰው አስቀድሞ ገንዘብ ተቀበለ፤ የቈረጠውም ቀን የ1757 የልደት በዓል ነበር። መጽሐፉ የወጣው ግን በ1765 ነው። በመካከሉ አንድ ባለቅኔ በአደባባይ ገንዘብ በላ ብሎ ዘለፈው፤ እርሱም ያዋጡትን ሰዎች ስም ዝርዝር መጣሉን፥ ገንዘቡንም መጨረሱን ኋላ ሳይሸሽግ ተናገረ። በዚያው ሲጠበቅ በነበረበት ጊዜ፥ በ1759፥ ለእናቱ ቀብር ወጪ ብሎ በጥቂት ቀን የጻፈው መጽሐፍ ስለ አንድ የኢትዮጵያ መስፍን የሚናገረው «ራሴላስ» ነው፤ ይህንንም አቶ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል።

ከአገራችንም ስለ ትዕግሥት ምስክር ብንሻ፥ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሁሉ ደክመውበት ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳትመው ለአንባቢ አደረሱት። ዛሬ መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው ስለ ጥቅሙ ያመሰግናል እንጂ ስንት ዓመት እንደ ፈጀ አይጠይቅም።

ነገር ግን ዘግይቶ የመጣ ሁሉ የታመነ፥ ያልመጣም ሁሉ የካደ እንዳይመስለን፥ በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ኢታን ሞሊክ የመረመሩትን እንጥቀስ። በ2014 ባወጡት ጥናት፥ በኪክስታርተር መዋጮ ከተጀመሩት የንድፍና የቴክኖሎጂ ሥራዎች ከመቶው ከ75 የሚበልጡት ከተባለው ቀን ዘግይተው ተገኙ። በ2015 በሌላ ጥናት ደግሞ ቃል የገቡትን ፈጽሞ ሳይሰጡ የቀሩት ከመቶ 9 ያህል መሆናቸው ታወቀ። እንግዲህ መዘግየት የተለመደ፥ መካድ ግን ጥቂት ነው ማለት ነው። አዋጪው ሁለቱን ለይቶ የሚያውቀው ከሠሪው አፍ ሲሰማ ብቻ ነው።

ለልጁም የመከርነው ይህን ነው። እርሱም የተፈጸመውን ገጽ ብዛት፥ በእጁ የቀረውን ገንዘብ፥ የጐደለውን ወረቀት ዋጋ፥ አዲሱንም ቀን በአንድ ገጽ ጽፎ፥ ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚሻም ካለ በየወሩ ከደመወዙ እየከፈለ እንደሚመልስ ጨምሮ ለሁሉም ላከ። ቅጂውም በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነበበ። ሁለት ሰዎች ገንዘባቸውን ጠየቁ፤ መብታቸው ነውና ማንም አልነቀፋቸውም፥ እርሱም እየከፈላቸው ነው። ሌላው ሁሉ እጠብቃለሁ አለ። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን በሚቀጥለው ስብሰባ እናቱ በቀድሞው ቦታቸው ተቀምጠው ማየታችን ነው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ ስንት ገጽ እንደ ጨረሰ ያስታውቃል። ዛሬ ከ120ው 96ቱ ተፈጽመዋል፤ 24 ይቀራል፥ ለወረቀቱም የሚጐድለው ገንዘብ ገና አልሞላም።

ስለዚህ የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምር ልጅ ቢኖራችሁ፥ ቀን ከመቍረጡ በፊት አንዲት ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርቶ የፈጀችበትን ጊዜ እንዲቈጥር፥ መዋጮውንም ሲተምን የራሱን ቀለብና የወረቀቱን ዋጋ መናር እንዲያስብ ምከሩት። ያዋጣችሁትም እንደ ሆነ፥ በቡና ላይ ከማማት አስቀድማችሁ ወደ ቤቱ ሂዱና ሥራውን እዩ። ዳገቱን ለመውጣት የፈጀብን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር፤ እኛ ግን ይህን ግማሽ ሰዓት ሁለት ዓመት አዘግይተነው ኖርን። በዚህም ነገር ከልጁ ይልቅ የዘገየነው እኛ መሆናችንን ሳንሸሽግ እንናገራለን።