«ደህና ነኝ ልጄ» አይበቃም

እናትዎን ወይም አባትዎን ወደ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ለማስገባት እያሰቡ ከሆነ፣ ነገሩን ለማንም ሳይናገሩ በልብዎ ይዘውት እንደሚዞሩ እገምታለሁ። በከተማችን «የአረጋውያን ማዕከል» ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው መቄዶንያ ነው፤ ደጋፊ አጥተው ጎዳና ላይ የወደቁ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚጠጉበት ቤት። ስለዚህ ልጆች ያሏቸው እናት፣ ያውም ውጭ አገር ልጅ ያላቸው፣ በየወሩ እየተከፈለላቸው እንዲህ ያለ ቤት ገቡ ሲባል ዘመድ «ጣሏቸው» ይላል። ባልና ሚስት ሥራ ውለው በሚመጡበት ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ ስትሮክ የመታቸውን እናት በር ዘግቶባቸው መውጣትስ ምን ይባላል? ለእሱ ዘመድ ስም አላወጣለትም።

ማስገባት አለማስገባቱ የቤተሰብዎ ጉዳይ ነው፤ እሱን እዚህ አልከራከርበትም። የሚያሳስበኝ እፍረቱ ነው። ያፈረ ሰው ይቸኩላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሄዶ ሳሎኑን፣ ግቢውን፣ የአልጋ ልብሱን ንጽሕና ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ቀብድ ከፍሎ ይመለሳል። ለሠርግ አዳራሽ ስንከራይ እንኳ ከዚህ የበለጠ እንጠይቃለን።

አሜሪካ እህት ወይም ወንድም ካለዎት አንድ ነገር ሰምተው ይሆናል። እዚያ ሜዲኬርን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለየአንዳንዱ ነርሲንግ ሆም ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል፤ ማንም ሰው ከፍቶ ማየት ይችላል። ኮከቡ ከሦስት ነገሮች ይወጣል፦ ተቆጣጣሪዎች ሳይታሰቡ መጥተው ካገኙት፣ ለአንድ አረጋዊ በቀን ከሚደርሰው የሠራተኛ ሰዓት፣ እንዲሁም እንደ ቁስልና እንደ መውደቅ ካሉ የጤና መለኪያዎች። ከመጨረሻው አብዛኛውን የሚሞላው ራሱ ቤቱ ስለሆነ፣ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት የቁጥጥሩን ውጤትና የሠራተኛውን ሰዓት ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ለሕዝብ የተከፈተ ኮከብ የለም። ተቆጣጣሪው እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዋሳቸው፣ ከሠራተኛው እንጀምር።

«ስንት ሠራተኛ አላችሁ?» ብለው አይጠይቁ። አሥራ ሁለት ይሉዎታል፤ ጥበቃው፣ ምግብ አብሳይዋና ሒሳብ ሠራተኛዋ ተቆጥረው። ይልቅ «ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቅቶ የሚጠብቀው ማነው? ስንት ሰው ይጠብቃል?» ይበሉ። ነርሷ ሌሊት ቤቱ ውስጥ ናት ወይስ በስልክ ብቻ ነው የምትገኘው? ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በተለምዶ በየ2 ሰዓቱ ጎን ሊቀየርለት ይገባል። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢያንስ አራት ጊዜ ማለት ነው። አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻዋን አንድ ወፍራም አባት ማገላበጥ አትችልም፤ ብትሞክርም ወገቧን ትጎዳለች፣ የአባትየውንም ቆዳ በአንሶላው ላይ እየጎተተች ትልጠዋለች። ጎን የተቀየረበት ሰዓት የሚጻፍበት ወረቀት ካለ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። የነገው ቀን ጭምር በአንድ እስክሪብቶ ተሞልቶ ካገኙት መልስዎን አግኝተዋል።

ሌላው ጥያቄ፣ ከተንከባካቢዎቹ ሁሉ የቆየችው ስንት ጊዜዋ ነው? ሥራው ከባድ ነው፣ ክፍያው ትንሽ ነው፤ ዓረብ አገር የመሄድ ዕድል ስታገኝ ልጅቷ ትሄዳለች፣ አልፈርድባትም። ግን እናትዎ ቡናቸውን በስኳር ይሁን በጨው እንደሚወዱ፣ በየትኛው ጆሯቸው እንደሚሰሙ የሚያውቅ ሰው በየሦስት ወሩ የሚቀየር ከሆነ፣ ጥሩ ቤት የሚባል ነገር እዚያ ሊኖር አይችልም። ባለቤቱን ስለ ደመወዝ መጠየቅ ነውር እንዳይመስልዎ። እርስዎ የሚከፍሉት ገንዘብ የት እንደሚሄድ ነው የጠየቁት።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። ወላጆቻችን አይነግሩንም።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ሲሏቸው «ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን» ይላሉ። ቢርባቸውም ተመስገን ነው፣ ቢያማቸውም ተመስገን ነው። ልጃቸውን ማስጨነቅ አይፈልጉም፤ የሚከፈለው ገንዘብ ያሳቅቃቸዋል፤ ደግሞ ተንከባካቢዋ በር ላይ ቆማ ትሰማለች፣ እርስዎ ሲሄዱ እነሱ የሚቀሩት ከእሷ ጋር ነው። አንድ የማውቀው ሰው አባቱን በየሳምንቱ እየሄደ ይጠይቅ ነበር፤ መልሱ ሁሌም ያው ነው። አንድ ቀን ምሽት ላይ ሄዶ ውሃ ሲያቀርብላቸው «ከ11 ሰዓት በኋላ አልጠጣም፤ ሌሊት ልጆቹን ማስቸገር ይሆናል» አሉት። ያ ቤት ንጹሕ ነው፣ አይሸትም፣ ሠራተኞቹም ትሑቶች ናቸው። ግን አንድ አዛውንት እየጠማቸው ያድሩበት ነበር። ውሃ ያነሰው አረጋዊ ሆዱ ይደርቃል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በቀላሉ ይይዘዋል፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ኢንፌክሽኑ በትኩሳት ፈንታ በድንገተኛ መቀባዠር ሊገለጥ ይችላል። ቤተሰብም «አረጁ፣ መርሳት ጀመራቸው» ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ ጥያቄውን ያጣምሙት። «ትናንት እራት ምን ነበር? ሌሊት ሽንት ሲመጣብሽ ማንን ትጠሪያለሽ? ቶሎ ትመጣለች? ከልጆቹ ማንን ነው የምትወጂያት?» የመጨረሻዋን ጥያቄ በጣም እወዳታለሁ። ስም ከጠሩ ያችን ልጅ ፈልገው ያመስግኗት፣ ያውቋትም። አንድም ስም ካልመጣላቸው፣ የማስታወስ ችግር ሳይኖርባቸው፣ ያ ራሱ ወሬ ነው።

አጠራርንም ያዳምጡ። የሃያ ዓመት ልጅ አባትዎን «አንተ፣ ተነሣ» ስትል ከሰሙ፣ እርስዎ በሌሉበት ምን እንደምትል ያስቡት። በእርግጥ «አንቺ» ሁሉ ንቀት አይደለም፤ «እማዬ፣ ነይ ፀሐይ እንሙቅ» የምትል ልጅ ከልቧ ሊሆን ይችላል። ድምፁ ይለየዋል። እናትዎ ልጅ ሳሉ የተናገሩት ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ ከሆነ ደግሞ፣ ያንን ቋንቋ የሚችል ሠራተኛ መኖሩን ይጠይቁ፤ የመርሳት በሽታ ሲበረታ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ መጀመሪያ ቋንቋው ይመለሳል።

አንደበት የደበቀውን ገላ ይናገራል። ሲሄዱ ቫዝሊን ይያዙና የወላጅዎን እግር ይቀቡ። መመረቂያም ነው፣ መመርመሪያም ነው። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው አጥንት ከአልጋ ጋር በሚነካካበት ቦታ ነው፦ ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ከወገብ በታች መቀመጫው አካባቢ። መጽሐፍ ላይ «ይቀላል» ይባላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይቀላም፣ ከአካባቢው ይበልጥ ይጠቁራል ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል፣ ሲነኩት ይሞቃል ወይም ይጠጥራል። በዚህ ደረጃ ከተያዘ ይመለሳል። ክንድ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ሰንበር፣ አንጓ ላይ የመታሰር ምልክት ካዩ «እንዳይወድቁ ብለን ነው» የሚለውን መልስ አይቀበሉ። አረጋዊን ማሰር መውደቅን አያስቀርም፤ ጡንቻን ያደክማል፣ ቁስልን ያፋጥናል።

ክብደትም አለ። በገቡበት ቀን ይመዘኑ፣ ከዚያ በየወሩ። 60 ኪሎ የነበሩ እናት በአንድ ወር 3 ኪሎ ከቀነሱ፣ ማለትም 5 በመቶ፣ ሐኪም ማየት አለባቸው። ቤቱ ሚዛን ከሌለው... ይህን እንኳ ለእርስዎ ልተወው።

ሲበሉም ይዩ። ተንከባካቢዋ ተቀምጣ ነው የምታጎርሳቸው ወይስ ቆማ? የቆመ ሰው ይቸኩላል። ስትሮክ የነበረባቸው ሰው በጎረሱ ቁጥር የሚያስላቸው ከሆነ ምግቡ ወደ ሳንባ እየሄደ ሊሆን ስለሚችል ነገ ሳይሉ ለሐኪም ይንገሩ። ጾምንም አስቀድመው ያንሡ። የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ እናት በዐቢይ ጾም 55 ቀን «እስከ 9 ሰዓት ካልቆየሁ» ቢሉ፣ ወይም አባት ረመዳንን ካልጾምኩ ቢሉ፣ ቤቱ ምን ያደርጋል? በግድ ማብላትም፣ ዝም ብሎ ማየትም መልስ አይደለም። ሐኪሙንና የንስሐ አባታቸውን፣ ወይም ሼሁን፣ ቀደም ብሎ ያነጋገረ ቤት ሥራውን የሚያውቅ ነው።

ወላጅዎ በሄዱ ቁጥር ተኝተው የሚያገኟቸው ከሆነ የመድኃኒት ዝርዝሩን ይጠይቁ። ረባሽ ናቸው የተባሉ የመርሳት ሕመምተኞችን በመድኃኒት ማደንዘዝ በየአገሩ ያለ ችግር ነው። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን የመሞት አደጋ እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2008 አስጠንቅቋል። አንዳንዴ ሐኪም አስቦበት ሊያዛቸው ይችላል። ግን ማን አዘዘ፣ ለምን፣ መቼ ይቆማል ለሚለው ጥያቄ መልስ መኖር አለበት።

ውጭ ላለው ወንድምዎም ይንገሩት፤ በቀጠሮ የሚደረግ የቪዲዮ ጥሪ ፎቶ ቤት ማለት ነው። ፀጉር ተበጥሮ፣ ነጠላ ተለብሶ፣ ፈገግታ ተዘጋጅቶ። ሳይነግር ይደውል።

ችግር ሲያገኙ ግቢው መሐል አይጩሁ፤ ወላጅዎ እዚያው ነው የሚያድሩት። ነርሷን ለብቻ ያነጋግሩ፣ ያዩትን ከነቀኑ ይጻፉ፣ ቁስል ከሆነ ፎቶ ያንሡ፣ የሚስተካከልበትን ቀን ይያዙ። በቀኑ ካልተስተካከለ ለባለቤቱ። የተከፈተ ቁስል፣ መታሰር ወይም ጥም ከሆነ ግን ቀን መስጠት አያስፈልግም፤ የዚያኑ ዕለት ሌላ ቦታ ይፈልጉ፣ ለጥቂት ጊዜ የእርስዎ ሳሎንም ቢሆን።

ከእህት ወንድሞችዎ ጋር የመጠየቂያ ቀን ሲከፋፈሉ ሁላችሁም እሑድን እንዳትይዙ። እሑድ ሁሉም ይመጣል፣ ቤቱም ያውቀዋል። እርስዎ ረቡዕን ይውሰዱ፤ በምሳ ሰዓት፣ ቢቻል ሳይደውሉ።