ከፎቶው በፊት የቆማችሁበትን ቦታ እዩ

ይህ ማሳሰቢያ ለአዲ አርቃይና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ በተለይም ለወጣቶችና ለወላጆች ነው። በዓል ለሚያስተባብሩ የሰበካ ጉባኤና የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት፣ ለወረዳው አስተዳደርና ለፖሊስም ጭምር ነው።

በቡሄ ችቦ እናበራለን። በመስቀል ደመራ እንለኩሳለን። በአዲስ አበባ የአዲስ ዓመት ዋዜማ የሚተኮሰው ርችትም በየስልኩ እየታየ የየከተማውን ወጣት ያጓጓል። ይህን ሁሉ በፎቶና በቪዲዮ ማስቀረት የሚነቀፍ ነገር አይደለም። በዓሉን ላላየ ዘመድ፣ በስደት ላለ ልጅ ማድረስ መልካም ነው። የሚያሰጋን ሌላ ነው። የሌሊት እሳት ፎቶ የሚያነሣ ሰው ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ከፍታ፣ ቅርበትና ጨለማ። ሦስቱም ሰው ይጎዳሉ። ይህን ግን ማንም ልብ ሲል አይታይም።

ከከፍታው እንጀምር። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጎንደር፣ በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር፣ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ሸዋ፣ በምንጃር ሸንኮራ፣ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለግንባታ የቆመ የእንጨት መወጣጫ ሰው እንደያዘ ወደቀ። ቢያንስ 36 ሰዎች አለቁ። ሁለቱም አደጋዎች የደረሱት በጠዋት፣ በብርሃን ነው። እሳትም ርችትም አልነበረም። ብዙ ሰው ወጣበት፤ እንጨቱ አልቻለም። እንግዲህ በሌሊት፣ ዓይኑ ሰማይ ላይ፣ እጁ ስልክ ላይ ሆኖ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ልጅ ምን ተስፋ አለው? ያላለቀ ፎቅ ጠርዝ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የቆመ አይሱዙ ጭነት ላይ መውጣትም ከዚህ አይለይም።

ቅርበትም እንዲሁ ነው። ደመራ ሲነድ ምሰሶው ወዴት እንደሚወድቅ ለማየት ሕዝቡ ይጠጋል። እሳቱን ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ምሰሶው ሲያዘነብል አይቶ ይሸሻል። ጀርባውን ለእሳቱ ሰጥቶ ራሱን የሚያነሣ ሰው ግን የሚያየው የራሱን ፊት ነው። ርችት ከዚህም የባሰ ነው። ወደ ላይ የሚተኮሰው ርችት የሚነሣው ከቀፎ ነው። ቀፎው በደንብ ካልተተከለና ከተጋደመ ጥይቱ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ሰው ይሄዳል። ለልጆች መጫወቻ የሚመስለው በእጅ የሚያዝ ብልጭልጭ ዘንግ እንኳ ሲነድ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። የሕፃን ልብስ ለማቀጣጠል አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።

በእኛ አገር ግን ከሁሉ የሚከፋው ጨለማው ነው። የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ብሩህ የስልክ መስታወት ያን ልምድ በቅጽበት ያጠፋዋል። ስለዚህ ስልኩን ሲያይ የቆየ ሰው ወደ ኋላ ሲራመድ ገደሉንም፣ ቦዩንም፣ የሚመጣውን መኪናም አያይም። ከተማችን ጎንደርን ከሽሬ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ናት። አስፋልቱን የፎቶ ሜዳ ማድረግ በሕይወት መጫወት ነው።

በዚህ ላይ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት አዲ አርቃይን አልፎባታል። ጦርነት ባለፈበት መሬት ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊቀር ይችላል። ጥሩ እይታ ፍለጋ በሌሊት ከመንገድ ወጥቶ ኮረብታና ማሳ መርገጥ ስለዚህ ለእኛ ተራ ነገር አይደለም። ርችት በተተኮሰ ማግስት ልጆች ቀፎና ያልፈነዳ ርችት ሲለቅሙ ዝም ካልናቸው፣ ነገ በማሳ ውስጥ ያገኙትን ብረትም እንዲያነሡ እያስተማርናቸው ነው። ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ አንድ ሕግ ስጧቸው፤ ያላወቁትን ነገር አይንኩ፣ አይርገጡ፣ ለትልቅ ሰው ይንገሩ።

ድምፁም ሊታሰብበት ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን በግጭት ውስጥ ቆይቷል። ያልተነገረው ሰው በሌሊት ፍንዳታ ሲሰማ ርችት ነው ብሎ አይቆምም፤ ይሮጣል። በጠባብ ቦታ ብዙ ሰው ሲሮጥ ምን እንደሚሆን ሌሎች አይተውታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የመጀመሪያ ቀን፣ በአይቮሪ ኮስት ከተማ አቢጃን፣ የአዲስ ዓመት ርችት አይቶ ሲመለስ የነበረ ሕዝብ ተረጋግጦ 60 ያህል ሰዎች ሞቱ። በ2023 የመጀመሪያ ቀን ደግሞ በካምፓላ ርችት ለማየት በአንድ መውጫ የተጋፉ ሰዎች ተረጋገጡ፤ ከሞቱት መካከል ሕፃናት ነበሩ። በሁለቱም ቦታ ሕይወት የጠፋው በርችቱ ሳይሆን በግፊያው ነው።

እንግዲህ ፎቶ አታንሡ ማለታችን ነውን? አይደለም። የሌሊት እሳት ጥሩ ሆኖ የሚወጣው ከሩቅ ሲነሣ ነው። የስልክ ፍላሽ ብርሃኑ ከጥቂት ሜትር አያልፍም፤ ለደመራም ለርችትም አይጠቅምም፤ አጥፉት። ስልኩን ወይም ካሜራውን በማቆሚያ፣ ማቆሚያ ከሌለ በማይነቃነቅ ድንጋይ ላይ አስደግፉ። ካሜራ ያላችሁ አይኤስኦውን 100 አድርጉ፤ ሌንሱን ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 አጥብቡ፤ መዝጊያውን ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ክፍት አቆዩት። የርችቱ ጅራት ሳይቆረጥ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ቦታችሁን ገና ሳይመሽ ምረጡ፤ መውጫችሁን እዩ፤ ነፋሱ ጭሱንና ፍሙን ወደማይነዳበት ወገን ቁሙ። በድሮን ለመቅረጽ የምታስቡም ፈቃድ ሳትይዙ አታስነሡ።

ሰው ከተቃጠለ ቃጠሎውን ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ አብርዱ። ቅቤ፣ ቡና ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። ዓይኑ የተመታ ሰው ዓይኑን አይሸው፤ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ጉዳቱ ከፍቶ ደባርቅ ወይም ጎንደር መላክ ቢያስፈልግ መንገዱ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። በሌሊት ያን ዳገት ከመውጣት አስቀድሞ መጠንቀቅ ይቀላል።

ለወረዳው አስተዳደርና ለፖሊስም የምንለው አለን። ቅንነታችሁን አንጠራጠርም። ነገር ግን ጥንቃቄ ከበዓሉ በፊት ካልተሰናዳ በበዓሉ ምሽት አይገኝም። በደመራው ዙሪያ ከምሰሶው ቁመት የሚበልጥ ርቀት በገመድ ይከለል። ፎቶ ለሚያነሡ የተለየ ቦታ ይሰጥ፤ ቦታ ያገኘ ሰው ጣሪያ ላይ አይወጣም። ማንኛውም ርብራብ ባለሙያ ሳያየው ሰው አይውጣበት። ርችት የሚተኮስ ከሆነ ተኳሹ፣ ቦታውና ሰዓቱ ይታወቅ፤ ለሕዝቡም በድምፅ ማጉያ አስቀድሞ ይነገር። በማግስቱ ጠዋት ልጆች ሳይደርሱበት ቦታው ይጽዳ። የበጋው ወራት ደግሞ ከመስከረም የተለየ ነው። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል እሳቱን ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ ባለሙያ መጥቷል። የዚያ እሳት መነሻ ርችት ነበር አንልም። ሣሩ በደረቀበት ወቅት እሳት ከተነሣ ማቆም ምን ያህል እንደሚከብድ ግን አሳይቶናል። በሣር ክዳንና በጭድ ክምር አጠገብ በበጋ ርችት ሊፈቀድ አይገባም።

ደመራው በየዓመቱ ይበራል፤ ያመለጠ ፎቶ በሚመጣው ዓመት ይነሣል። የሞተ ልጅ ግን አይመለስም። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ ስልካችሁን ከማንሣታችሁ በፊት እግራችሁ የቆመበትን፣ ከኋላችሁ ያለውንና የምትወጡበትን እዩ። አስተዳደሩም ገመዱን ዛሬ ያዘጋጅ።