የዩብዶ ፕላቲነምና የቆቦ ጠጠር

ፕላቲነም፣ ፓላዲየም፣ ሮዲየም፣ ሩተኒየም፣ ኢሪዲየምና ኦስሚየም በኬሚካላዊ ጠባያቸው ስለሚቀራረቡና በተፈጥሮም አብረው ስለሚገኙ የፕላቲነም ቡድን ብረቶች ይባላሉ። በኢትዮጵያ በዚህ ማዕድን ስሙ የታወቀው ስፍራ በምዕራብ ወለጋ፣ በብርብር ወንዝ ተፋሰስ የሚገኘው ዩብዶ ሲሆን፣ በሰሜን ወሎ የተዘረጋው የቆቦና የራያ ቆላ በፕላቲነም አይታወቅም። ይሁን እንጂ የሁለቱም አካባቢዎች ሀብት የተገኘው ከአንድ ሥራ፣ ማለትም ከአለት መበስበስና ከውኃ ማጓጓዝ በመሆኑ አጣምሮ መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ሕዝብ ከምድሩ የሚያገኘው ጥቅም የሚወሰነውም የከበረ ብረት በመኖሩና ባለመኖሩ ሳይሆን፣ ይህ ሥራ ባከማቸው ነገር ዓይነትና የወጣው በመተካቱ ወይም ባለመተካቱ ነው።

የዩብዶ አለት ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው የምዕራብ ኢትዮጵያ መሠረተ አለት ውስጥ ቀዝቅዞ የረጋ ቅልጥ አለት ነው። መሐሉን የያዘው ዱናይት፣ ይኸውም ከሞላ ጎደል ኦሊቪን ከተባለው አረንጓዴ ማዕድን ብቻ የተሠራ ከባድ አለት ሲሆን፣ ዙሪያውን ፓይሮክሲናይት የተባለ ሌላ ጥቁር አለት ከቦታል፤ ይህ አደረጃጀት በሩሲያ የኡራል ተራሮችና በአላስካ ከሚታወቀው ጋር ስለሚመሳሰል የሥነ ምድር ጠበብት የኡራል-አላስካ ዓይነት ይሉታል። በዱናይቱ ውስጥ ፕላቲነሙ ከብረት ጋር ተዋሕዶ በደቃቅ ፍሬ መልክ ስለተበታተነ፣ በእጅ የሚሠራ ሰው አለቱን ፈልጦ ሊጠቀምበት አይችልም። ሀብቱን ያሰባሰበው ዝናቡ ነው። ኦሊቪን በሞቃትና በእርጥብ አየር ቶሎ ስለሚበሰብስ ማግኒዚየሙ ታጥቦ ይሄዳል፤ የቀረው ብረት ላተራይት የሚባለውን ቀይ አፈር ይሠራል፤ ሲሊካው ደግሞ ከብረት ዝገት ጋር ረግቶ፣ ሉዊ ዱፓርክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1927 በወንዙ ስም ብርብራይት ያሉትን ጠንካራ ቡናማ አለት ያስገኛል። በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ የማይሟሟውና ከውኃ በብዙ እጥፍ የሚከብደው ፕላቲነም ባለበት ይቀራል፤ ጎርፍ ቢያንቀሳቅሰውም ሩቅ ሳይሄድ በየጅረቱ ጠጠር ሥር ይከማቻል።

አጣቢው ይህንኑ ተፈጥሮ የጀመረችውን ሥራ በገበቴ ይጨርሳል። ቀዩን አፈር ከውኃ ጋር እያዞረ ሲያናውጠው ጭቃው በጠርዙ እየፈሰሰ ያልቃል፤ ከታች ማግኔታይትና ክሮማይት የበዛበት ጥቁር አሸዋ ይቀራል፤ በአሸዋው መካከል እንደ ወርቅ የማያብለጨልጭ፣ ግራጫና ደብዛዛ፣ ያልለመደ ዓይን እንደ ተራ ብረት ቆጥሮ የሚጥለው ፍሬ ይታያል።

በዩብዶ ማዕድኑን ማውጣት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሲሆን፣ ጣሊያናዊው አልቤርቶ ፕራሶ በሥራው ስሙ ይነሣል። በዚያው ዘመን፣ በ1924፣ ሃንስ ሜሬንስኪ በደቡብ አፍሪካ በቡሽቬልድ በስሙ የሚጠራውን የማዕድን ንጣፍ አገኘ። የሁለቱ ዕጣ የተራራቀው በአለቱ ምክንያት ነው፤ የቡሽቬልዱ ንጣፍ ቀጭን ቢሆንም በብዙ ኪሎ ሜትሮች ሳይቋረጥ የሚዘረጋና በአንድ ቶን ውስጥ ብዙ ግራም የሚይዝ ሲሆን፣ የዩብዶ አፈር በቶን አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ከ1970ዎቹ ወዲህ የመኪና ጭስ ማጣሪያ የእነዚህን ብረቶች ተፈላጊነት ከፍ ሲያደርገው፣ ደቡብ አፍሪካ የዓለምን ፕላቲነም አብዛኛውን እጅ ስታቀርብ ዩብዶ በዚህ ገበያ ቦታ አላገኘም። ከዚህም በላይ ፍሬው ከብረትና ከሌሎቹ የቡድኑ አባላት ጋር የተዋሐደ ስለሆነ እነርሱን መለየት የጠንካራ አሲዶች ድብልቅና የረቀቀ ኬሚስትሪ ይጠይቃል፤ ዋጋው የሚጨምረው እዚያ በመሆኑ፣ ጉድጓዱ ያለበት ቀበሌ የሚያገኘው ከሁሉ የሚያንሰውን ድርሻ ነው፤ ይህም ለዩብዶ ሕዝብ የሚያሳዝን ጉድለት ነው።

በሰሜን ወሎ ያለው አለት ሌላ ታሪክ አለው። ከቆቦ በስተ ምዕራብ እንደ ግድግዳ የቆሙት የላስታ ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በስፋት የፈሰሰ ባዛልት ናቸው። በሳይቤሪያ ኖሪልስክ ከእንዲህ ያለ የባዛልት ፍሰት ጋር የተያያዘ ከፍተኛ የፓላዲየምና የፕላቲነም ሀብት ስላለ፣ ስለ ወሎም ተስፋ ማድረግ ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም በኖሪልስክ ብረቶቹን የሰበሰባቸው ባዛልቱ ብቻ ሳይሆን፣ ቅልጡ አለት በመንገዱ ድኝ ካለበት ደለል አለት ጋር ተገናኝቶ የብረት ድኝ ጠብታዎችን መፍጠሩ ነው፤ ጠብታዎቹ ወደ ታች ሲዘቅጡ ፕላቲነሙን ከቅልጡ አለት ለቅመው ይዘውታል። ጥቁር ድንጋይ መብዛቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ፍለጋ ቢደረግም መነሻው ይህ የድኝ ጥያቄ መሆን አለበት።

የቆቦ ሜዳ የተረጋገጠ ሀብት በላስታና በዞብል ተራሮች መካከል መሬቱ ሰጥሞ በተፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ባዛልቱ በስብሶና ተሰባብሮ በጎሊና፣ በሆርማትና በሌሎቹ ወንዞች ሲወርድ፣ ትልልቁ ድንጋይና ጠጠር በተራራው ግርጌ፣ ደቃቁ ደለል በሜዳው መሐል ተነጥፏል፤ ገበሬው ክረምት ላይ ጎርፉን ጠልፎ ማሽላና ጤፍ የሚያበቅልበት አፈር ይኸው ነው፤ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ጥልቅ ጉድጓዶች ለሽንኩርትና ለቲማቲም መስኖ የሚስቡት ውኃም የሚጠራቀመው በዚሁ ጠጠር ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። የዩብዶ አፈር አንዴ ከታጠበ ፍሬውን የሚተካው የለም፤ የቆቦ ጠጠር ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ሊሞላ ይችላል። የሚሞላው ግን ጎርፉ ወደ ሜዳው ሲወርድ በተራራው ግርጌ ሰርጎ በሚገባው ውኃ ልክ ስለሆነ፣ የጉድጓዶቹን ብዛትና ፓምፖቹ በቀን የሚሠሩበትን ሰዓት መወሰን የሚገባው የገበያው ፍላጎት ሳይሆን ይህ መጠን ነው።