ግቢው የማን ነው? ሣር ከመነጠፉ በፊት

ሰሞኑን ከቦሩ ሜዳ አንድ ባልና ሚስት ያነሡልኝ ጉዳይ የብዙዎቻችሁም ሊሆን ይችላል ብዬ ለዚህ ወር ዓምድ አቆየሁት። ባል የቤታቸውን የፊት ለፊት ግቢ ሰው ሠራሽ ሣር አልብሶ ለልጆቹ ትንሽ የኳስ ሜዳ ሊያደርገው ይፈልጋል። ሚስት ደግሞ ግቢውን ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ ትላለች። ነገሩ ከሣር አልፎ በመካከላቸው ኩርፊያ ሆኗል።

ባልየው ያለ ምክንያት አልተነሣም። ቦሩ ሜዳ ከስሙ ጀምሮ ሜዳ ነው፤ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱበት ቦታ ነው። ይሁን እንጂ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ ወዲህ “ልጄን ከዓይኔ አላርቅም” የሚሉ ወላጆችን አውቃለሁ። መንገዱ ላይ ባጃጁና የጭነት መኪናው አለ። ቦታው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ግቢው ጭቃ ይሆንና ልጆቹ ስልክ ላይ ተደፍተው ይውላሉ። አባት ይህን እያየ ዝም ይበል እንዴ?

ሰው ሠራሽ ሣርም እንግዳ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የሂዩስተን ከተማ ጣሪያ ያለው ትልቅ ስታዲየም ውስጥ ብርሃን አጥቶ የተፈጥሮው ሣር ስለሞተ እ.ኤ.አ. በ1966 በፕላስቲክ ሣር ተተካ፤ ዝናው ከዚያ ወዲህ ነው የወጣው። በእኛም አገር በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ ሰፈሮች እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሜዳዎች በብዛት ተሠርተዋል። ባልየውም አይቶ የወደደው እነዚህን ነው።

አሁን ወደ ሚስትየው እንምጣ። እናንተ ባሎች፣ እስቲ የፊት ለፊቱ ግቢ በዓመት ውስጥ ምን ምን እንደሚያስተናግድ ቁጠሩ! በርበሬ የሚሰጣው፣ እህል የሚበጠረው፣ ልብስ የሚታጠበው እዚያ ነው። ሠርግ ሲሆን ዳሱ፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ የሚተከለው እዚያው ነው፤ የድንኳኑ ካስማ ደግሞ ሣሩን ይበሳል፣ ከሥሩ የተደለደለውንም ጠጠር ያናጋል። ለድግስ ሦስት ጉልቻ ተጥሎ እሳት የሚነደውስ የት ሊሆን ነው? ቡናውን እንኳ ተዉት ብንል ማን ይሰማናል። ከምድጃው አንዲት ፍም ብትወድቅ ፕላስቲኩ ቀልጦ ጥቁር ጠባሳ ይቀራል። ቄጤማ ቢሆን በማግሥቱ ተጠርጎ በሌላ ይተካል፤ ይህኛው ግን የሚቆረጠውና የሚጣፈው በገንዘብ ነው። ሚስትየዋ “ግቢው ያስፈልገኛል” ስትል የልጆቿን ጨዋታ ጠልታ አይደለም። የቤቱ ሥራና የጎረቤት ወጉ ወዴት እንደሚሄድ እየጠየቀች ነው።

የእኔ ሐሳብ ግቢውን ክፈሉት የሚል ነው። 6 በ10 ሜትር ለትንንሽ ልጆች ኳስ ይበቃል። ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው መተላለፊያና የድንኳኑ ቦታ ግን አይነካ። የቅርጫት ኳስ ከሆነ የተፈለገው ሣሩን ተዉት፤ ኳሱ በደንብ አይነጥርበትም፣ ሲሚንቶ ይሻላል።

ከተስማማችሁ ገንዘቡን ከሣሩ ይልቅ ከሥሩ ላለው ሥራ አስቀድሙ። ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ እንዲሁ የተነጠፈ ሣር ሁለት ክረምት ሳይሞላው ይጎረብጣል። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ፣ የተፈጨ ጠጠር በየድርቡ ተጠቅጥቆ፣ በ10 ሜትር ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዳፋት ይኑረው። ተዳፋቱ ወደ ጎረቤት አጥር እንዳይሆን አደራ፤ በጎርፍ የተነሣ ጠብ በሽምግልናም ቶሎ አይበርድም። መጋጠሚያው በማስቲሽ የሚያያዘው አፈሩ ደረቅ ሲሆን ስለሆነ ሥራውን ለበጋ አድርጉት።

ሣሩ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በመካከሉ አሸዋ ይበተናል፤ አጭር ሣር ከሆነ በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ያህል ይወስዳል። ለተባለው ሜዳ ከ6 እስከ 12 ኩንታል መሆኑ ነው። ከአሮጌ ጎማ የተፈጨውን ጥቁር ፍርፋሪ ግን ለቤት አልመክርም። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ እንዲህ ያለው የፕላስቲክና የጎማ ፍርፋሪ በ8 ዓመት ውስጥ ከገበያ እንዲወጣ ወስኗል፤ እየታጠበ አፈርና ውኃ ውስጥ ስለሚገባ ነው።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስቡበት። ፕላስቲክ ሣር እንደ ተፈጥሮው ራሱን አያቀዘቅዝም፤ በጠራራ ፀሐይ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ተለክቷል። ውኃ ቢረጩበትም ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚበርደው። ባዶ እግሩን ለሚሮጥ ሕፃን ይህ ቀላል አይደለም። በቦሩ ሜዳ ቅዝቃዜው ያግዛል፣ የእኩለ ቀኑ ፀሐይ ግን እዚያም ብርቱ ነው።

ዋጋው ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዘ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሣሩ በደንብ ቢያዝ ከ8 እስከ 10 ዓመት ያህል ቢያገለግል ነው፤ ልጆቹ ግን እስከዚያው አድገው ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ በብድርም ሆነ በዕቁብ ዕጣ አትጀምሩት። ሲያረጅም ግቢ ውስጥ አታቃጥሉት፣ ጭሱ መርዝ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሜዳው ከተሠራ የጎረቤት ልጆች በሩን ያንኳኳሉ። መቼ እንደሚገቡ፣ ማን እንደሚጠብቃቸው፣ አንዱ ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ ሁለታችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ልጆቻችሁ ብቻቸውን እንዲጫወቱበት አጥራችሁ ከያዛችሁት ግን እውነቴን ነው፣ በሳምንቱ ይሰለቻቸዋል።

ለእነዚያ ባልና ሚስት ያልኳቸው ይህን ነው፦ ሣሩን ከመግዛታችሁ በፊት የሜዳውን ወሰን በኖራ አስምሩና አንድ ወር ልጆቹ በባዶው መሬት ላይ ይጫወቱበት። እርስዋ በዚያው ወር በርበሬዋን ታስጣ፣ ልብሷን ትጠብ፤ እርሱም የዕድሩን ድንኳን ስፋት ሄዶ ይለካ። ወሩ ሲያልቅ ኖራውን ወዲህ ወይም ወዲያ ያንቀሳቅሱታል።