በውሃ ውስጥ መውለድ፦ የእምነት ጥያቄ ነው ወይስ የጥበብ?



ሰሞኑን አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር እህት ከባለቤቷ ጋር እዚህ ጨንቻ ወደሚገኘው ቤታችን መጥታ ነበር። ውጭ አገር የምትኖር እህቷ ሞቅ ያለ ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ በሰላም ወልዳ ቪዲዮውን ልካላታለች። “ፓስተር፣ እኔም ቤቴ ሆኜ እንደዚህ ብወልድ ምን ይመስላችኋል? ወይስ እግዚአብሔር ለሔዋን የተናገረውን ምጥ መሸሽ ይሆንብኛል?” ስትል ጠየቀችን። ባለቤቷ ደግሞ “እምነት ካለን ሐኪም ቤት መሄዱስ ለምን ያስፈልጋል?” አለ። ሁለቱም ጥያቄዎች በብዙ ምእመናን ቤት ያሉ ናቸውና እዚህ ልንመልሳቸው ወደድን። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ የሐኪሙን ለሐኪም ትተን የእረኛውን እንናገራለን።

አስቀድመን ስለ ምጥ ሕመም። ዘፍጥረት 3፥16 በውድቀት ምክንያት የመጣውን ይነግረናል እንጂ ሕመሙን እንድንጠብቀው አያዘንም። በዚያው ምዕራፍ ምድር እሾህና አሜከላ እንደምታበቅልም ተነግሯል። ታዲያ ከጋሞ ደጋ ገበሬዎች መካከል በዚህ ቃል ምክንያት ገብሱን ሳያርም የሚተው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1847 ሐኪሙ ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን በኤድንብራ ለወላዶች ክሎሮፎርም መስጠት ሲጀምር በሃይማኖት ስም የሚነሳውን ተቃውሞ በጽሑፍ መልሷል። እግዚአብሔር የአዳምን ጎን ሲከፍት አስቀድሞ ከባድ እንቅልፍ እንደጣለበትም (ዘፍ. 2፥21) አስታውሷል። ስለዚህ እህታችን ሆይ፣ ሕመምሽን የሚያቀልልሽን መፈለግ ኃጢአት አይደለም።

በውሃ ውስጥ መውለድስ? በፈረንሳይ ፒቲቪዬ ከተማ ሐኪም ሚሼል ኦደን ምጥ የያዛቸው እናቶች ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እንዲያርፉ ያደርግ ነበር፤ ልምዱንም እ.ኤ.አ. በ1983 አሳትሟል። ዛሬ በእንግሊዝ አገር ችግር ላልታየባቸው ነፍሰ ጡሮች እንደ አንድ ምርጫ ይቀርባል። ሞቅ ያለው ውሃ ጡንቻን ያፍታታል፣ ሕመምን ያስታግሳል። ነገር ግን በውሃ ውስጥ ማማጥና ሕፃኑን በውሃ ውስጥ መገላገል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአሜሪካ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው አቋም፣ በመጀመሪያው የምጥ ደረጃ ውሃ ውስጥ መቆየት ሊጠቅም እንደሚችል ተናግሮ፣ ሕፃኑ ግን ከውሃ ውጭ እንዲወለድ መክሯል።

ያም ቢሆን በዚያ አገር ገንዳው ብቻውን አይደለም። የሠለጠነች አዋላጅ ከአጠገቧ አትጠፋም። የውሃው ሙቀት ይለካል፣ የሕፃኑ የልብ ምት ይደመጣል፣ ገንዳው በሚገባ ይጸዳል። ደም ከፈሰሰ ወይም የደም ግፊት ከተነሳ እናቲቱ ወዲያው ወጥታ ትታከማለች። ቪዲዮው ፈገግታውን ያሳየናል፤ ከጀርባው ያለውን ዝግጅት ግን አያሳየንም።

አሁን ወደ ጨንቻችን እንመለስ። ብርዱንና ጉሙን እናውቀዋለን። በጀሪካን የተቀዳ ውሃ በማገዶ ቢሞቅ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ንጹሕ ስለመሆኑስ ማን ይመሰክራል? ውሃ ውስጥ የፈሰሰ ደም መጠኑ በዓይን አይለይም። እንግዴ ልጁ አልወጣም ቢል፣ በሌሊት በጭቃው መንገድ ወደ ጨንቻ ሆስፒታል፣ ካልሆነም ቁልቁል ወደ አርባ ምንጭ መውረድ ሊመጣ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ በውሃ መውለድ በእኛ አካባቢ ጥበብ አይደለም ብለን በግልጽ እንመክራለን።

ባለቤቷ ለጠየቀን መልስ ለመስጠት ግን አንድ የራሳችንን በደል መናዘዝ አለብን። በአገልግሎታችን መጀመሪያ ዓመታት አንዲት እህት ቤቷ ሆና ሁለት ቀን አማጠች። እኛና ሽማግሌዎች ከአልጋዋ አጠገብ ስንዘምርና ስንጸልይ አደርን። “ጌታ በሰላም ይገላግላታል፤ ትንሽ እንታገሥ” አልን። በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ ተሸክመን ሐኪም ዘንድ ስናደርሳት ሕፃኑ ሞቶ ነበር። እርሷም ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት በኀፍረት ከጉባኤ ቀረች። ከረጅም ጊዜ በኋላ ታክማ ዳነች፤ ይቅርታም አደረገችልን። እኛ ግን ያንን ሌሊት አንረሳውም። ስህተታችን መጸለያችን አልነበረም፤ ጸሎቱን የመዘግየት ምክንያት ማድረጋችን ነው። ቃሬዛውን ተሸክመንም መጸለይ እንችል ነበር።

ይህ ቁስል ፊስቱላ ይባላል። ክርስቲያን ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው፣ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን የመሠረቱት እንደዚህች እህት ላሉ ሴቶች ነው። ከማዕከሎቹ አንዱ በይርጋለም ይገኛል። በኋላም የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ቁስሉን ከማከም ቁስሉ እንዳይደርስ መከላከል ይሻላልና።

መጽሐፍ ቅዱስም አዋላጆችን ያከብራል። በዘፀአት 1 ሲፓራና ፉሐ እግዚአብሔርን በመፍራታቸው ሕፃናትን አድነዋል፤ የፈርዖን ስም ሳይጻፍ የእነርሱ ስም ተጽፏል። ራሔል ደግሞ በኤፍራታ መንገድ በምጥ ሞታለች (ዘፍ. 35)፤ እምነት ስለጎደላት ነው የሚል ግን አናነብም። ወላድን “እንኳን ጌታ ማረሽ” የምንለው አደጋው እውነተኛ ስለሆነ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ አሳይቷል። በዚያን ጊዜ በጤና ተቋም የሚወለዱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. 48 በመቶ ደርሰዋል። ጌታ ይመስገን፤ ሆኖም ገና ግማሽ መንገድ ነው።

ለጤና ባለሙያዎችም አንድ ቃል አለን። ይህች እህት ውሃውን የተመኘችው ለምን ይመስላችኋል? ሙቀት፣ ክብርና አጠገቧ የሚሆን ሰው ፈልጋ ነው። ብዙ እናቶች ሐኪም ቤትን የሚሸሹት ብርዱን፣ ቁጣውንና ብቸኝነቱን ፈርተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር፣ እናቲቱ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ ቆማ ወይም ተንቀሳቅሳ እንድታምጥ፣ በማሸትና ወገቧን በሞቀ ጨርቅ በመያዝ ሕመሟ እንዲቀልላት ይላል። ለዚህ ገንዳ አያስፈልግም፤ ርኅራኄ ይበቃል።

ቤተ ክርስቲያንስ ምን ታድርግ? በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የእናቶች ማቆያ ቤት ከፍቶ፣ ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ እንዲያርፉበት አድርጓል። ዛሬ ማቆያ ያላቸው ጤና ጣቢያዎች ብዙ ናቸው። የሴቶች ኅብረታችን እዚያ ማገዶና የገንፎ ዱቄት ያድርስ። ወጣቶች ቃሬዛ ለመሸከም ተራ ይያዙ። ወንዶች ልጆች በሚቀሩበት ቤት ላሙንና እንሰቱን ይጠብቁ። ይህ ከስብከታችን የማይተናነስ ስብከት ነው።

ባልና ሚስቱ ከእኛ ጋር ተንበርክከው ጸለዩ። ከዚያም የቅድመ ወሊድ ክትትሏን ሳታቋርጥ በሆስፒታል ልትወልድ፣ እናቷም አብረዋት ሊሆኑ ወሰኑ። ባለቤቷ ስልኩን አውጥቶ የአምቡላንሱን ቁጥር መዘገበ። እኛም በልባችን “ይህ እምነት ነው” አልን።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። የምናመልከው አምላክ ምጥን ከሩቅ የሚያይ አይደለም። ከሴት ተወለደ፤ በግርግምም ተኛ። የእናትን ጭንቀት ያውቃል።

ጌታ ሆይ፣ በዚህ ሌሊት በደጋውም በቆላውም የሚያምጡትን አስብ። የአዋላጆችን እጅ አበርታ፤ እኛንም ከመዘግየት አድነን። አሜን።