መጻፍና መጣፍ

ደራሲ ይጽፋል፤ ወዳጁ ይጥፋል። የልብ ወለድ ታሪክ አንባቢ በሚወደው መጽሐፍ ውስጥ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ሲያገኝ፥ ደራሲው ተሳስቷል ብሎ በማለፍ ፈንታ፥ ስሕተቱ ስሕተት እንዳይባል ምክንያት ይፈጥርለታል። ይህ ልማድ በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር ሆኖ፥ ዛሬ በሲኒማና በሥዕላዊ መጽሔት ወዳጆች ዘንድ እጅግ በርትቷል። ልማዱ በራሱ ነቀፋ የሚገባው አይደለም። ነቀፋ የሚገባው፥ አንዳንድ የተማሩ የከተማ ሰዎች በዚህ ጨዋታ እያመካኙ «የሊቃውንት ትርጓሜም ከዚህ አይለይም» ማለታቸው ነው፤ ከእነርሱም ይልቅ፥ እንዲህ እንዲሉ በር የከፈተላቸው ሰባኪ ይነቀፋል።

ነገሩ ከሥሩ ይታይ። በኤዲንብራ የተወለደው ሐኪም አርተር ኮናን ዶይል፥ ስለ ወንጀል መርማሪው ስለ ሼርሎክ ሆልምስ 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ታሪኮችን ጽፏል። አብዛኛውን የሚተርከው የመርማሪው ጓደኛ ዶክተር ጆን ዋትሰን ነው። በ1887 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ እንዲሁ ነው) በወጣው በመጀመሪያው መጽሐፍ፥ ዋትሰን በአፍጋኒስታን ጦርነት ትከሻውን በጥይት ተመትቷል፤ በ1890 በወጣው በሁለተኛው ግን ቍስሉ ወደ እግሩ ወርዷል። በ1891 በወጣ በሌላ ታሪክ ደግሞ የገዛ ሚስቱ ባሏን ጄምስ ብላ ትጠራዋለች። ሞሪያርቲ የሚባለው ክፉ ሊቅ ስሙ ጄምስ ነው፤ የወንድሙም ስም ጄምስ ነው፤ እናታቸው ስም ቸግሯት እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም።

ወዳጆቹ ይህን ሁሉ አልፈው አልሄዱም። አንዱ፥ ዋትሰን ጐንበስ ብሎ ቍስለኛ ሲያክም አንዲት ጥይት ትከሻውን አልፋ እግሩን መታችው ይላል፤ ሌላው፥ ሁለት ጊዜ ቈስሏል ይላል። ደራሲቱ ዶሮቲ ሴየርስ ከሁሉ የበለጠ መጣፊያ አገኘች። የዋትሰን የመካከል ስም በአንዲት ፊደል ብቻ ተጽፎ ሳይገለጥ ቀርቷልና፥ ያች ፊደል «ሀሚሽ» የሚለው ስም መነሻ ናት፤ ሀሚሽም በስኮትላንድ ቋንቋ ጄምስ ማለት ነውና ሚስቱ አልተሳሳተችም አለች። እራፊው ከጨርቁ ያምራል፤ ይህን የሚያህል ፍች የቅኔ ቤት አዋቂም በቀላሉ አያመጣም።

የዚህ ጨዋታ አባት የሚባለው ሮናልድ ኖክስ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። በ1911 በኦክስፎርድ ስለ ሆልምስ ባሰማው ንግግር ያፌዘው፥ ቅዱሳት መጻሕፍትን እየከፋፈሉ «ይህ የዚህ እጅ ነው፤ ያ የዚያ ነው» በሚሉ የጀርመን ሊቃውንት ላይ ነው። የእነርሱን ሥርዓት ወስዶ በወንጀል ታሪክ ላይ አዋለውና ሰሚው ሣቀ። ሰሚውም ተናጋሪውም ነገሩ ዋዛ እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። በአሜሪካም የማርቨል ሥዕላዊ መጽሔት አዘጋጅ ስታን ሊ፥ ስሕተት አግኝቶ ስሕተት አለመሆኑን ላስረዳ አንባቢ ሽልማት ብሎ ፖስታ ይልክለት ነበር፤ ፖስታው ሲከፈት ባዶ ነው። ከዚህ የበለጠ ቅንነት ከየት ይመጣል?

ዶይልም ቢሆን ስሕተቱን በስሕተትነቱ ትቶታል። በ1924 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፥ ስለ ፈረስ እሽቅድምድም በጻፈው ታሪክ ውስጥ የእሽቅድምድሙን ደንብ አለማወቁ እንደ ተገለጠበት ራሱ ተናግሯል። ጌታው «አላወቅሁም» ሲል ሎሌው «ዐውቆ ነው» ብሎ ይከራከርለታል።

እንግዲህ ትርጓሜን ከዚህ ጋራ የሚያመሳስል ሰው በጉባኤ ቤት አልዋለም። አንድምታ የልዩነትን ስፌት አይሰውርም። ንባቡ በሌላ መጽሐፍ ሌላ ሆኖ ሲገኝ መምህሩ «አብነት» ብሎ ያንኑ ይጠራዋል እንጂ አይፍቀውም፤ ፍቹ ሁለት ሲሆን «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ከፊተኛው አጠገብ ያቆመዋል። የሚናገረውንም ከመምህሩ ተቀብሏል፤ ከማን እንደ ተቀበለ ቢጠየቅ ይመልሳል። ከአንድምታው መካከል የላላ ክር አይገኝም የሚል የለም፤ ነገር ግን የላላው ክር በዐደባባይ ይታያል። በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪ ለመምህሩ ቅኔ ሲነግር ቤት ሳይመታለት ቢቀር «ምሥጢር አለው» ብሎ ያመካኛል፤ መምህሩ ግን ምሥጢሩን ሳይጠይቅ ቤቱን አስተካክሎ እንዲመጣ ይሰደዋል።

የታወቀ ምስክር ይጠራ። ማቴዎስ ዮሴፍን የያዕቆብ ልጅ ይለዋል፤ ሉቃስ የኤሊ ይለዋል። በ3ኛው ምእት ዓመት ዩልዮስ አፍሪቃኖስ ለአርስጢዲስ በላከው መልእክት ይህን አስታርቋል፤ ያዕቆብና ኤሊ የአንዲት እናት ልጆች ነበሩ፤ ኤሊ ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ያዕቆብ እንደ ኦሪት ሥርዓት ሚስቱን አግብቶ ዮሴፍን ወለደ፤ ስለዚህ ዮሴፍ በሥጋ የያዕቆብ፥ በሕግ የኤሊ ልጅ ነው። የቂሳርያው አውሳብዮስ ይህን መልእክት በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ በመጀመሪያው መጽሐፍ አኑሮታል። የአፍሪቃኖስ ክብሩ ከፍቹ በኋላ ባለው ቃል ነው፤ ነገሩን ከጌታ የሥጋ ዘመዶች የመጣ ነው ብሎ ከየት እንዳገኘው ከነገረ በኋላ፥ ምስክር ባይገኝለት እንኳ ከዚህ የሚሻልና የሚቀና ስለሌለ ይበቃል ብሎ የክሩን ልክ አሳየ።

የዛሬው ሰባኪስ? ወጣቱ ስለ ያዕቆብና ስለ ኤሊ ሲጠይቀው፥ መጽሐፍ ሳይገልጥ፥ መምህር ሳይጠይቅ፥ ከሆዱ አውጥቶ «አንድ ሰው ናቸው፤ ስሙ ሁለት ነበር» ይለዋል፤ ለሌላው ጠያቂ ደግሞ ሌላ ይለዋል። በ1934 በኒው ዮርክ የተመሠረተው የሆልምስ ወዳጆች ማኅበር እንዲህ ያለውን ሰው በደስታ ይቀበለው ነበር። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የሀሚሽ ፍች ቢፈርስ የሚጐዳ ሰው የለም፤ ዋትሰን አልተወለደም፤ አልቈሰለም። ወጣቱ ግን የሰባኪው እራፊ ሲቀደድበት፥ እራፊው የሰባኪው እንደ ነበረ ለይቶ አያይም፤ ጨርቁም ወንጌሉም አብሮ የተቀደደ ይመስለዋል። ያን ጊዜ «ትርጓሜ ሁሉ እንደ ሼርሎክ ሆልምስ ወዳጆች ነው» ቢል የሚወቀሰው እርሱ ብቻ አይደለም።

ለጥያቄው «አላውቅም፤ ጠይቄ እመልስልሃለሁ» ማለት ሰባኪውን ከመድረኩ አያወርደውም። መምህሩን መጠየቅ ቢያፍር እንኳ አውሳብዮስን ገልጦ ያን ክፍል ማንበብ የአንድ ምሽት ሥራ ነው።